ኦፕቴን ፒ1600ኤክስ ለዳታቤዝ ሎግ፦ ደሴ ላይ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ሽያጭ የሚመዘገብበት የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨር ካላችሁ፣ ዳታው ያለው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነና «አስቀምጥ» ሲባል ስክሪኑ ደርቆ የሚቆይ ከሆነ፣ ኦፕቴን ፒ1600ኤክስ የሚባለውን ፈጣን የኢንቴል ማከማቻ ባለ 118 ጊጋባይቱን ሁለት ገዝታችሁ ሎጉን (ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ ቀድሞ የሚጽፍበትን መዝገብ) ብቻ ወደ እነሱ አዛውሩ። አዲስ ሰርቨር ከመግዛት በብዙ ይረክሳል፤ ለውጡም በዚያው ቀን ይታያል። እናንተን ያስመረረው የወር መጨረሻ ሪፖርት ከሆነ ግን ይህ ዕቃ አንዲት ደቂቃ አይቀንስላችሁም፤ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናብራራለን።

የተፈተነበት ቦታ ደሴ ያለ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ነው። ኮምቦልቻ ያለው መጋዘን የዋናውን ዳታቤዝ ቅጂ በኔትወርክ የሚቀበል ሁለተኛ ሰርቨር አለው። ዋናው ሰርቨር ያገለገለ ታወር ነው፦ ባለ 8 ኮር ዚዮን፣ 64 ጊጋባይት ኢሲሲ ራም፣ በሚረር (አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ) የታሰሩ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች፣ ሲስተሙ ኡቡንቱ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 16። ከ25 እስከ 30 ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ሥራው የሚከብደው ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ለባቲ የሰኞ ገበያ ዕቃ በሚጫንበት ቅዳሜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፋታ የለም። በእነዚህ 14 ወራት ዕቃው ሁለት ክረምት አይቷል፤ ደሴ ላይ ክረምት ማለት ደግሞ መብረቅና የሚቆራረጥ መብራት ማለት ነው።

ጊዜው የሚባክነው የት ነው

ዳታቤዝ አንድን ሽያጭ «ተመዝግቧል» ብሎ ከመመለሱ በፊት የለውጡን ማስታወሻ በሎጉ ላይ ጽፎ፣ ዲስኩ ጽሑፉን በትክክል እንዳሳረፈው ማረጋገጫ መቀበል አለበት። መብራት ቢጠፋ የሚተርፈው በዚህ መንገድ ያለፈው ብቻ ነው። ዳታው ራሱ ወደ ሠንጠረዡ ፋይል የሚገባው በኋላ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሎጉን እንጂ ዳታውን አይደለም።

በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንድ ተጠቃሚ አንዱን ኮሚት (የተመዘገበውን ማጽደቂያ) ጨርሶ ቀጣዩን ሲልክ፣ የሎጉ መጻፊያ ቦታ ከዲስኩ ራስ ሥር ገና ማለፉ ስለሆነ ሙሉ ዙር መጠበቅ የግድ ነው። ከዚህ ውጪ ምንም ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ምንም ያህል ራም ይህን ጣሪያ አያነሳውም። 40 መስመር ያለው ደረሰኝ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ኮሚት በሚያደርግ ፕሮግራም ሲቀመጥ ዲስኩ ሌላ ሥራ ባይኖረው እንኳ ከ330 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። እዚያው ዲስክ ላይ ደግሞ ሌላው ሰው የዕቃ ዝርዝር ያነባል፣ ዳታቤዙም ቼክፖይንት ይጽፋል (የተጠራቀመውን ለውጥ ወደ ሠንጠረዡ ፋይል ያወርዳል)፤ የዲስኩ ራስ ወዲያ ወዲህ ሲል ያ ደረሰኝ በሥራ ሰዓት ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ይወስድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ፕሮግራሙን ማስተካከል የምትችሉ ከሆነ 40ውን መስመር በአንድ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ በሚጸድቅ ጥቅል) አስገቡት፤ አርባው መጠበቅ አንድ ይሆናል፤ ዕቃም መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። እዚህ የተገዛው የፕሮግራሙ ኮድ እጃችን ላይ ስላልነበረ ነው።

ዕቃው

ኦፕቴን የተሠራው ኢንቴልና ማይክሮን በ2015 ባስተዋወቁት ስሪዲ ክሮስፖይንት በሚባል ሜሞሪ ነው። ከተለመደው ኤስኤስዲ የሚለየው ሊጻፍበት ሲል ቀድሞ ብሎክ ማጥፋት አያስፈልገውም፤ ባለበት ቦታ ላይ ይጽፋል። የተለመደው ኤስኤስዲ ፍጥነቱን የሚያገኘው ጽሑፉን መጀመሪያ ጊዜያዊ ራም ላይ በማስቀመጥ ነው፤ «ወደ ውስጥ አውርደው፣ ከዚያ አረጋግጥልኝ» ሲባል ሐቁ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ኦፕቴን በ10 ማይክሮሰከንድ አካባቢ መልስ ይሰጣል። ፒ1600ኤክስ መብራት ሲቋረጥ በመንገድ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያሳርፍበት መከላከያም ተሠርቶለታል።

ባለ 118 ጊጋባይቱ በኤም ዶት ቱ ቅርጽ የተሠራ፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 መስመር ተገናኝቶ የሚሠራ ነው። አምራቹ የሰጠው የመጻፍ ዕድሜ 1292 ቴራባይት ነው፤ ይህም በየቀኑ ሙሉ መጠኑን ስድስት ጊዜ፣ ለአምስት ዓመት እንደ መጻፍ ነው። እዚህ ሎጉ በቀን 9 ጊጋባይት ያህል ይጽፋል። በዚህ አካሄድ ዕድሜውን ለመጨረስ ከ390 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከ14 ወር በኋላም ያለቀው ዕድሜ በመቶኛ አሁንም 0 ይላል።

118 ጊጋባይት ለዳታቤዝ ያንሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ለዳታው ያንሳል፤ ለሎጉ ግን ትርፍ ነው። ፖስትግሬስ ሎጉን በ16 ሜጋባይት ፋይል እየከፋፈለ ይጽፋል፤ ያለፈበትን ፋይል ስሙን ቀይሮ እንደገና ይጠቀምበታል።

ለዳታቤዝ ተብለው የተሠሩ ሌሎች ማፋጠኛዎችም አሉ። ኔቴዛ የተባለው የዳታ ትንተና ማሽን ዳታው ከዲስክ ሲወጣ ኤፍፒጂኤ በሚባል እንደ ሥራው በሚቀናበር ቺፕ እያጣራ ይሠራ ነበር፤ ኦራክል በ2015 ባወጣው ስፓርክ ኤም7 ፕሮሰሰር ውስጥ የዳታ ማጣሪያ ክፍል አስገብቷል፤ በ2023 የወጣው አራተኛው ትውልድ ዚዮንም የትንተናና የመጭመቂያ ማፋጠኛ ይዞ መጥቷል። ሁሉም ግን የሚያፋጥኑት ብዙ ሚሊዮን መስመር አንብቦ መደመርን ነው። ደረሰኝ ቆርጦ ዕቃ ለሚያስረክብ የወሎ ነጋዴ የሚያስጨንቀው ማንበቡ አይደለም፤ ማረጋገጫው ነው።

ስትገዙ የምታዩት

«ኦፕቴን» የሚል ስም ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ለላፕቶፕ የተሠራው ኤም10 ነው፤ 16፣ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ነው፤ የሚሠራው በሁለት መስመር ሲሆን ባለ 16ቱ ሲጽፍ በሰከንድ 145 ሜጋባይት ብቻ ይደርሳል። ለመለየት መሰኪያውን እዩት፦ የወርቅማው ጠርዝ ሁለት ቦታ ከተቆረጠ ባለ ሁለት መስመሩ ነው፤ ፒ1600ኤክስ የሚቆረጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኤች10 የሚባለው ደግሞ ግማሹ ኦፕቴን ግማሹ ተራ ኤስኤስዲ የሆነ ለላፕቶፕ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ብቻ ይታያል፤ ተዉት።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ) አንብቡ። ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ ያለቀው ዕድሜ በመቶኛ፣ የሚዲያ ስሕተት ብዛት፣ በድንገት የጠፋበት ብዛት። የሚዲያ ስሕተቱ ከ0 ከበለጠ መልሱለት። በድንገት የጠፋበት ብዛት ቢበዛ ግን ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የእኛዎቹ ሲገዙ ከነበረው ላይ ከ30 በላይ ጨምረዋል፤ ዳታውም ደህና ነው።

ኢንቴል የኦፕቴንን ሥራ እንደሚዘጋ በሐምሌ 2022 በፈረንጆቹ አስታውቋል። ስለዚህ አሁን የሚገኘው የቀረው ክምችትና ያገለገለው ነው። ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው፤ ነገ ቢበላሽ ያው ሞዴል ላይገኝ ይችላል። ሦስት ግዙ፤ ሁለቱን ሰክታችሁ አንዱን አስቀምጡ።

አገጣጠሙ

የድሮ ሰርቨር የኤም ዶት ቱ ቀዳዳ ስለሌለው አዳፕተር ካርድ ያስፈልጋል። ሁለት ካርድ ግዙ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ኦፕቴን። ሁለት ኦፕቴን የሚቀበለው አንዱ ካርድ የሚረክስ ይመስላል፤ ግን ማዘርቦርዱ አንዱን ትልቅ ስሎት ለሁለት መክፈል ካልቻለ የሚታየው አንዱ ዕቃ ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያሉት ማዘርቦርዶች ደግሞ አብዛኞቹ አይችሉም። ካርዱ ላይ ኦፕቴኑን የሚይዘው ባለ 2 ሚሊሜትር ብሎንና እግሩ ከካርዱ ጋር መኖራቸውን ቆጥራችሁ ተቀበሉ፤ ያለ ብሎን የተሰካ ዕቃ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቀስ እያለ ይወጣል።

ረዥም የሆነ ስሎት ሁሉ ሙሉ መስመር የለውም። ስምንት መስመር የሚመስለው ስሎት ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ሊኖረው ይችላል። ከሰካችሁ በኋላ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ የተገናኘው መስመር 4 መሆኑን አረጋግጡ። የስሎቱ ትውልድ 2.0 ቢሆን ግን አትጨነቁ፤ ሎግ የሚጽፈው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ የሚጠቅመው የመልስ ፍጥነት እንጂ የሚያልፈው ብዛት አይደለም። አሮጌው ባዮስ እንደ ኦፕቴን ካለ የኤንቪኤምኢ ዲስክ ሲስተም ማስነሳት አለመቻሉም ችግር የለውም፤ ሲስተሙ የሚነሳው ከቀድሞው ዲስክ ነው። አንዳንድ ሰርቨር የማያውቀው ካርድ ሲሰካበት ፋኑን እስከ ጥግ ያስጮኸዋል፤ ይህን ባዮሱ ውስጥ ካልሆነም የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ፤ ሰርቨሩ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ካለ በጣም ይረብሻል።

ሶፍትዌሩ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ያዙ፤ ባክአፑንም ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ሞክሩት። ሁለቱን ኦፕቴን በሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ ሚረር አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፦ ሬይዱን የሚፈጥረው የኤምዲአድም ፕሮግራም 100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ለሆነ ዲስክ ቢትማፕ የሚባል መከታተያ ራሱ ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ መጻፍ ያመጣል፤ እኛ የምንሸሸውም ይህንኑ መጻፍ ነው። ስትፈጥሩት ቢትማፕ እንዳይኖረው ግለጹ። ያለ ቢትማፕ መብራት ሲጠፋ ሚረሩ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ይመሳከራል፤ 118 ጊጋባይት ግን በነባሪው ቅንብር 10 ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው።

ከዚያ በኢኤክስቲ4 የፋይል ሥርዓት አዘጋጁት፤ በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ እንዲጫን አድርጉ፤ የንባብ ሰዓት መመዝገቢያውን አጥፉ። ሎጉን በተጫነው ዲስክ ሥር በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ውስጡ አንድ ፎልደር ፍጠሩና እዚያ ይግባ። አንድ ቀን ዲስኩ ሳይጫን ሰርቨሩ ቢነሳ ፎልደሩ አይገኝም፤ ፖስትግሬስም አልነሳም ይላል። መነሳት የሌለበት ጊዜ ላይ አለመነሳቱ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ፖስትግሬስን በሥርዓቱ አቁሙ፤ መቆሙንም በፕሮሰስ ዝርዝሩ አረጋግጡ። የሎጉን ፎልደር ባለቤትነቱንና ፈቃዱን ሳትለውጡ ወደ አዲሱ ቦታ ቅዱ፤ ባለቤቱ ፖስትግሬስ፣ ፈቃዱ 700 መሆን አለበት። የቀድሞውን ፎልደር ስሙን ቀይሩ፤ በቦታው ወደ አዲሱ የሚጠቁም ማያያዣ አኑሩ፤ አስነሱት። ስሙ የተቀየረው አሮጌ ፎልደር ፖስትግሬስ አንዴ ከተነሳ በኋላ ዋጋ የለውም። ችግር ሲፈጠር «ወደ ድሮው እንመለስ» ብላችሁ እሱን ብትመልሱት ዳታቤዙን ታበላሻላችሁ፤ ስለዚህ በማግስቱ ሰርዙት። ሙሉ ሥራው 20 ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢሆንም እሑድ ከሰዓት ይሁን።

ቁጥሮቹ

ፖስትግሬስ አብሮት የሚመጣ የሎግ ፍጥነት መለኪያ አለው፤ ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ዘዴ 5 ሰከንድ እየሞከረ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደቻለ ይነግራል። የሊኑክስ ነባሪ ዘዴ ኤፍዳታሲንክ ነው፤ እሱን ተመልከቱ። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ከ60 እስከ 110 ሰጠ። ለማነጻጸር የተሰካ ተራ የቤት ኮምፒውተር ኤንቪኤምኢ ከ400 እስከ 900። ሁለቱ ኦፕቴን በሚረር ታስረው 20 ሺህ አካባቢ።

ይህ ማለት ዳታቤዙ 200 እጥፍ ፈጠነ ማለት አይደለም። 40 መስመር ያለው ደረሰኝ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ይወስድ የነበረው አሁን ከ0.3 ሰከንድ በታች ነው፤ የቀረው ጊዜ የኔትወርኩና የፕሮግራሙ ነው። ሌላው ያልጠበቅነው ጥቅም ከሃርድ ዲስኩ ላይ የሎጉ ሸክም መነሳቱ ነው፤ የዲስኩ ራስ ወደ ሎጉ እየተመላለሰ ስለማይቆም የዕቃ ዝርዝር መክፈትም ቀለል ብሏል።

የወር መጨረሻው የክምችት ዋጋ ሪፖርት ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር፤ ኦፕቴኑ ከተሰካ በኋላም ያንኑ ፈጀ። ሪፖርቱ የሚያነበው እንቅስቃሴ የሚመዘገብበትን ትልቅ ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ነበር። በዕቃ መለያና በቀን የተሠራ አንድ ኢንዴክስ (የሚፈለገውን መስመር የሚጠቁም ማውጫ) ወደ ጥቂት ሰከንድ አወረደው። ኢንዴክሱ ዋጋው ነፃ ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚመዘግበውን የፖስትግሬስ ተጨማሪ ክፍል ለአንድ ሳምንት ክፈቱት፤ ጊዜው የሚባክነው በንባብ ከሆነ ራምና ኢንዴክስ፣ በኮሚት ከሆነ ይህ ዕቃ።

ቅንብሩ ላይ የተነካው ጥቂት ነው። የሎጉ ከፍተኛ መጠን ከነባሪው 1 ጊጋባይት ወደ 16፣ የቼክፖይንት ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 15። ከእያንዳንዱ ቼክፖይንት በኋላ አንድ ገጽ (የሠንጠረዡ ፋይል የሚከፋፈልበት ቁራጭ) መጀመሪያ ሲነካ ሙሉ 8 ኪሎባይቱ ሎግ ላይ ይጻፋል፤ ቼክፖይንቱ ሲራራቅ ይህ ይቀንሳል፤ ሃርድ ዲስኩም ይተነፍሳል። ከዚህ በላይ ማራዘም ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አይመከርም፤ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ዳታቤዙ ከመከፈቱ በፊት የሚያነበው ሎግ ይበዛል፤ ገዢው ተሰልፎ ሳለ ያ ጊዜ ረዥም ነው። የሙሉ ገጽ መጻፊያውን «ኦፕቴን ስላለ» ብላችሁ አታጥፉት፤ ዳታው ያለው አሁንም ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ግማሽ የተጻፈ ገጽን የሚያድነው እሱ ብቻ ነው።

ያለ ዕቃ ፍጥነት የሚሰጥ ቅንብርም አለ፦ ኮሚቱ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ እንዲመለስ ማድረግ። ዳታቤዙ አይበላሽም፤ መብራት ሲጠፋ ግን በነባሪው ቅንብር የመጨረሻው 0.6 ሰከንድ ያህል ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ለቀዝቃዛ ክፍል የሙቀት መዝገብ ይሁን። ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ ለሰጠ ሰው ግን አይሆንም፤ ወረቀቱ በደንበኛው እጅ ሆኖ መዝገቡ ላይ ግን የለም ማለት ነው።

የተበላሸውና ምክንያቱ

ትልቁ አደጋ የመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከቅጂው ነው። ኮምቦልቻ ያለው ሰርቨር ያልደረሰውን ሎግ እንዳይሰረዝበት የሚያስጠብቅ፣ በፖስትግሬስ «ስሎት» የሚባል ምዝገባ (ካርድ የሚሰካበት ስሎት አይደለም) ደሴ ላይ አለው። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ደሴ ያለው ሎግ እየተከማቸ ይሄዳል። አንድ ጊዜ በተቋረጠ በስምንተኛው ቀን ከዲስኩ አራት እጅ ሦስቱ አልፎ ነበር። ሎጉ ያለበት ዲስክ ጢም ብሎ ከሞላ ፖስትግሬስ ይቆማል፤ ቦታ እስኪገኝለትም አይነሳም። እንዲህ ሲሆን የሎግ ፋይሎችን በእጅ ለመሰረዝ የሚቃጣው ሰው ብዙ ነው፤ ያ ዳታቤዙን መግደል ነው። መፍትሔው ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ ያለው የስሎት ጣሪያ ነው፤ እዚህ 60 ጊጋባይት ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሲያልፍ ስሎቱ ዋጋ ያጣል፤ ኮምቦልቻ ያለው ቅጂ ይሞታል፤ ደሴ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

የሞተውን ቅጂ ለማስነሳት በደካማ ኔትወርክ ሙሉውን ዳታ መላክ አያዋጣም። ከተፈጠረበት ቅጽበት ጀምሮ ሎግ እንዲያስጠብቅ አድርጋችሁ አዲስ ስሎት ፍጠሩ፤ ቀጥሎ ሙሉ ቅጂውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያዙና በሐረጎ ቁልቁለት በመኪና ይውረድ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ስሎቱ ከቅጂው በፊት ካልተፈጠረ ዲስኩ በመንገድ ላይ ሳለ የተጻፈው ሎግ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቅጂውም ኮምቦልቻ ደርሶ አይያያዝም።

ሁለተኛው የአዳፕተሩ ነው። በሦስተኛው ወር ከሁለቱ ኦፕቴን አንዱ ከሚረሩ እየወጣ ተመለሰ። ስማርቱ ንጹሕ ነበር፤ የከርነሉ መልእክት ግን የፒሲአይ ስሕተት ይደጋግም ነበር። ኦፕቴኖቹ ካርድ ሲለዋወጡ ስሕተቱ ከካርዱ ጋር ሄደ፤ ካርዱ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ሚረር ባይኖር ኖሮ ያ ቀን ከባክአፕ የመመለስ ቀን ይሆን ነበር፤ ሎጉ የጠፋበት ፖስትግሬስ ዳታው ሙሉ ቢሆን እንኳ በደህና አይነሳም። አንድ ኦፕቴን ብቻ ለመሰካት ካሰባችሁ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ዩፒኤስ ነው። ኦፕቴን መብራት ሲጠፋ የጻፈውን አይጥልም፤ ዩፒኤስን ግን አይተካም። ርካሹ ዩፒኤስ የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ አንዳንዱ ይህን አይቀበልም፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መብራት በሄደባት ቅጽበት ሰርቨሩ ይጠፋል። ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚል ግዙ። ባትሪው ሲያረጅም አይናገርም፤ በስምንተኛው ወር የደከመው ባትሪ ሰርቨሩን ጀነሬተሩ እስኪነሳ እንኳ መያዝ አቅቶት በተደጋጋሚ ጣለው። አሁን በየወሩ አንድ እሑድ የግድግዳው ሶኬት ተነቅሎ በሰዓት ይለካል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ይታወቅ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የተለመደው የሰርቨር መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ 35 የተባለው ደሴ ላይ 30 ገደማ ይሆናል። ከጦሳ የሚወርደው ቅዝቃዜ ይህን ስለሚክሰው እዚህ ኦፕቴኑ ሙቀት አላስቸገረውም። ቆላ ወርዳችሁ የምትሰኩት ከሆነ ግን ካርዱን ከሰርቨሩ ፋን ፊት ባለው ስሎት አድርጉት፤ የአቧራውን ማጣሪያም በየሁለት ሳምንቱ አራግፉ።

ስለሚዋሹ ዲስኮች

«አሳርፌዋለሁ» ብሎ ያላሳረፈ ዲስክ ቀርፋፋ ከሆነው ይከፋል፤ ቀርፋፋው የሚያስከፍላችሁ ትዕግሥት ነው፤ ዋሾው ግን የማታውቁትን ደረሰኝ ያጠፋል። የሬይድ ካርድም ባትሪው ሲሞት ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ቀርፋፋው ሁኔታ ይመለሳል፤ ያለ ባትሪም ራሙ ላይ እየጻፈ እንዲቀጥል ሰው አስገድዶ ካቀናበረው ደግሞ ወደ ዋሾው። ስለዚህ የትኛውንም ዕቃ ገበያ ላይ በተባለለት አትመኑ፤ ዳታ ሳይገባበት ፈትኑት።

ፈተናው ቀላል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ወደ ሰርቨሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ በየቁጥሩ ኮሚት ያደርጋል፤ የተረጋገጠለትን የመጨረሻ ቁጥርም እዚያው በራሱ ስክሪን ላይ ያሳያል። በመሐል የሰርቨሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ከኋላው ንቀሉ፤ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት አይቆጠርም። ሲነሳ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ትልቁ ቁጥር በስክሪኑ ከሚታየው እኩል ወይም በአንድ የበለጠ መሆን አለበት። በአንድ እንኳ ካነሰ ያ ዲስክ ዋሽቷል። አሥር ጊዜ ደጋግሙት። ሁለቱ ኦፕቴን አሥሩንም አልፈዋል።

እንደገና ብንገዛስ

ኦፕቴን ከተገኘ አዎ። ካልተገኘ የመብራት መጥፋት መከላከያ ካፓሲተር ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ ያገለገለም ቢሆን ቀጣዩ ምርጫ ነው። ካፓሲተሩ ስላለ ራሙ ላይ ያረፈውን እንደተጻፈ ቆጥሮ ወዲያው ማረጋገጥ ይችላል፤ ከኦፕቴን ይዘገያል፤ ከሃርድ ዲስክ ጋር ግን አይወዳደርም፤ ሰፊ ስለሆነም ዳታውን ራሱ ይይዛል። አዲስ ሰርቨር ከዜሮ የሚገዛ ሰው ሁሉንም እንዲህ ባለ ኤስኤስዲ ላይ ያድርግና ሎጉን መለየቱን ይተወው። ኦፕቴኑ የሚያዋጣው እንደዚህኛው ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላለበትና ለማይለወጥ አሮጌ ሰርቨር ነው።

ሦስተኛው ኦፕቴን ከነአዳፕተሩ፣ ከነብሎኑና ከታተመ የመግጠሚያ ቅደም ተከተል ጋር ኮምቦልቻ ሰርቨሩ አጠገብ ባለው መሳቢያ ተቀምጧል። ደሴ ከወደቀ ዋና የሚሆነው ያ ሰርቨር ነው፤ ሎጉ ደግሞ አሁንም ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የዚያን ቀን እንዲሰካ ነው፤ ብቻውን ያለ ሚረር ስለሚሆንም፣ ለዚህች አጋጣሚ ብቻ ተብሎ፣ ደሴ እስኪነሳ በየሰዓቱ ባክአፕ እንዲያዝ ወረቀቱ ላይ በቀይ ተጽፏል።